ኔትወርክ ሲሄድ ሰርቨሩ ምን ይመልሳል? የራስ ኢሜይል በጎጃም

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች ያሉ መሥሪያ ቤቶችን የደብዳቤ ራስጌ ተመልከቱ። ማኅተሙ አለ። የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ አለ። ስልኩም አለ። ኢሜይሉ ጋ ስትደርሱ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ጂሜይል ነው። አንዳንዴማ የአንድ ሠራተኛ ስምና የልደት ዓመቱ የተለጠፈበት ጂሜይል። ሰውየው ዝውውር ሲያገኝ ወይም ሥራ ሲለቅ አድራሻው አብሮት ይሄዳል። የዓመታት የጨረታ ደብዳቤ፣ ከአቅራቢዎች ጋር የተደረገ ስምምነት፣ ከለጋሽ ድርጅት የመጣ መልስ ሁሉ እሱ ስልክ ውስጥ ይቀራል። ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ ፓስወርዱን ረስቶት ይሆናል።

«የራሳችን ኢሜይል ይኑረን» የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሁን አሁን ግን ጠንከር ብሏል። አንዱ ምክንያት ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሠራተኛ ቁጥር እየተባዛ በየወሩ በዶላር የሚከፈል ኢሜይል የነበረው ድርጅት ሂሳቡ ናረበት። ለመክፈልም ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ካርዱን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሌላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሌላው ሕግ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኞችን መታወቂያ ኮፒ የሚቀበል መሥሪያ ቤት «መረጃው የት ነው ያለው? ማን ያየዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ «የቀድሞው ጸሐፊያችን ጂሜይል ውስጥ» ብሎ መመለስ አይችልም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስለ ኢሜይል ሰርቨር አተካከል የሚጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ መብራቱም ኢንተርኔቱም እንደማይጠፋ ቆጥረው ነው የሚነሡት። እኛ ጋ ያ አይሠራም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በደህናውም ጊዜ ቢሆን ክረምት ሲገባ መብራት ይሄዳል፣ መስመር ይበጠሳል። ስለዚህ አንድ ሰርቨር ለጎጃም ይሆናል አይሆንም ለማለት እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። መስመሩ ሲኖር ምን ይሠራል አይደለም። ሲጠፋ፣ ከዚያም ሲመለስ፣ ምን ይመልሳል?

ዳታቤዙ ምን ይዞ ነው?

በብዛት የሚሠራበት ጥምረት ሦስት ፕሮግራሞች አሉት። ፖስትፊክስ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ይልካል። ዊትሴ ቬኔማ አይቢኤም ውስጥ ሆኖ የጻፈው ሲሆን በ1998 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ዶቭኮት ደግሞ ሠራተኛው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ሣጥኑን ከፍቶ እንዲያነብ ያደርጋል። ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን ጀምሮት ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ። ሦስተኛው ዳታቤዙ ነው፤ ማሪያዲቢ ወይም ፖስትግሬስ። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። የተጫነና የተዘጋጀ ጥቅል ከፈለጋችሁም አይሬድሜይልና ሜይልካው አሉ። ሜይልካው ግን ቢያንስ 6 ጊጋባይት ሚሞሪ ይፈልጋል። ቢሮ ውስጥ የተረሳው አሮጌ ኮምፒውተር አይሸከመውም።

ያለ ዳታቤዝም ይቻላል። ድሮ ኢሜይል ያለው ሰው ሁሉ ሰርቨሩን የሚያስኬደው ሥርዓት፣ ሊነክስ፣ ላይ ተጠቃሚ ሆኖ ይመዘገብ ነበር። አሥር ሰው ሲሆን ምንም አይደለም። ከዚያ ሲበዛ ግን ሰው በገባና በወጣ ቁጥር አይቲው ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ፋይል ማረም አለበት። አንድ ነጥብ ከሳተ ሁሉም ይዘጋል።

ቡሬ ላይ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን አለ እንበል። ለምሳሌ ያህል ነው፣ ማንንም ለማለት አይደለም። በቆሎ ይገዛል፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል፣ ጨረታ ያወጣል። ስልሳ ሠራተኛ አለው። የዚህ ዩኒየን ዳታቤዝ ሦስት ሠንጠረዥ ብቻ ይበቃዋል። በመጀመሪያው የዩኒየኑ ዶሜን፣ ማለትም በኢሜይሉ ውስጥ ከ@ በኋላ ያለው ስም፣ ይመዘገባል። በሁለተኛው እያንዳንዱ አድራሻ፣ የተመሰጠረ ፓስወርዱና የተፈቀደለት የቦታ መጠን ይቀመጣል። ሦስተኛው የተለዋጭ አድራሻዎች ሠንጠረዥ ነው፤ ወደዚህ አድራሻ የመጣ ደብዳቤ ወደዚያኛው ሣጥን ይሂድ ይላል።

እኔን ካላችሁ ዋናው ሦስተኛው ነው። «ግዢ» የሚል አድራሻ ትከፍቱና ወደ ግዢ ኃላፊው ሣጥን እንዲሄድ ታደርጋላችሁ። ኃላፊው ሲቀየር አንድ ረድፍ ታርማላችሁ። አቅራቢው ምንም አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። አድራሻው የወንበሩ ይሆናል።

የስም አጻጻፍ ጣጣም እዚሁ ይፈታል። ፀሐይን በላቲን ፊደል ጻፉ ብትሏቸው አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፋል። ጥላሁንም፣ ጌጤም፣ ጽጌም እንደዚያው ናቸው። አዲስ አበባ ያለው አቅራቢ በራሱ መንገድ ጽፎ ይልክና ደብዳቤው ይመለሳል። ስለዚህ ሠራተኛ ሲመዘገብ ሰው ሊጽፋቸው የሚችላቸውን ዓይነቶች ሁሉ በተለዋጭነት ማስገባት ነው። የአባት ስም መጨመርንም አትርሱ። ስልሳ ሠራተኛ ያለው ቢሮ ውስጥ ሁለት አበበ አይጠፋም። በነገራችን ላይ ሠንጠረዡን ስትፈጥሩ የፊደል ዓይነቱን ዩቲኤፍ 8 አድርጉት። ማይኤስኪውኤል እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ካልነገሩት በቀር የሚመርጠው ላቲን 1 የሚባለውን ነበር፤ የድሮ መመሪያ ይዞ የሠራ ሰው ዝርዝሩን ሲከፍት የአማርኛውን ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ይታረም። «ዳታቤዝ ያለው ኢሜይል» ሲባል ብዙ ሰው ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ዳታቤዝ ውስጥ ያሉ ይመስለዋል። እዚህ ጥምረት ላይ አይደሉም። ዳታቤዙ የሚያውቀው ማን እንዳለ ነው። ደብዳቤው እያንዳንዱ ለየብቻው ፋይል ሆኖ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል። ደብዳቤውንም ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዲቢሜይል አንዱ ነው። መብራት ድንገት በሚሄድበት ቦታ ግን አልመክረውም። ፋይል ቢበላሽ አንድ ደብዳቤ ነው የሚጠፋው። ሁሉን የያዘ ሠንጠረዥ ቢበላሽ ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል፣ የሚጠግነውም ሰው ቅርብ የለም።

550 እና 451

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። መስመር ሲጠፋ ምን ይሆናል?

የሚገርመው፣ ኢሜይል ከአብዛኛው የኢንተርኔት አገልግሎት በተለየ መቋረጥን ይችላል። ጆን ፖስቴል የኢሜይል መላላኪያውን ደንብ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ኮምፒውተሮች ሁልጊዜ አይገናኙም ነበር። ስለዚህ ላኪው ሰርቨር ተቀባዩን ካጣው ደብዳቤውን ይዞ ይጠብቃል፣ ደጋግሞም ይሞክራል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታደሰው ደንብ ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን መሞከር እንዳለበት ይላል። ፖስትፊክስ ካልነገሩት በቀር 5 ቀን ይጠብቃል። እንግዲህ ቡሬ ያለው ሰርቨር ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቢጠፋ ደብዳቤ አይጠፋም። ይዘገያል እንጂ። ለብዙ ሰው ይህ ዜና ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ደብዳቤ የሚጠፋ የሚመስላቸው አሉ።

ደብዳቤ የሚጠፋው ሌላ ጊዜ ነው። ሰርቨሩ በርቶ፣ መስመሩም ኖሮ፣ መልሱ የተሳሳተ ሲሆን።

ፖስትፊክስ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ዳታቤዙን ይጠይቃል። «እንዲህ የሚባል አድራሻ አለን?» ዳታቤዙ «አለ» ካለ ይቀበላል። «የለም» ካለ ለላኪው 550 ይመልሳል። ዳታቤዙ ጭራሽ ካልመለሰ፣ ማለትም ተዘግቶ ከሆነ ወይም ከተጨናነቀ፣ ፖስትፊክስ 451 ይመልሳል። ለጊዜው ማጣራት አልቻልኩም ማለት ነው። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የግቢ ጥበቃ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አይሠራም» ሲልና «ቁልፉን የያዘችው ወጥታለች፣ ከሰዓት ና» ሲል ያለው ልዩነት ነው። ሁለተኛውን የተባለ ሰው ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያውን የተባለ ግን አይመጣም። እንዲያውም ብዙ ደብዳቤ የሚልኩ ድርጅቶች 550 ያዩበትን አድራሻ ከዝርዝራቸው ይሰርዙታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። የሞተ ዳታቤዝ አያሳስብም። ባዶ ዳታቤዝ ነው አደገኛው።

እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ ተበላሸ። አይቲው አዲስ ዲስክ ገዛ፣ ሁሉንም እንደገና ጫነ። ዶሜኑን አስገባ። የሠራተኞችን ዝርዝር ከባክአፕ ከመመለሱ በፊት ግን «ይሠራ እንደሆነ ልይ» ብሎ ፖስትፊክስን አስነሣው። በዚያች ሰዓት ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠብቁ የነበሩ የዓለም ሰርቨሮች ሁሉ ደብዳቤያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዶሜኑ አለ፣ ሰዎቹ ግን የሉም። ለሁሉም 550 ይሰጣቸዋል። ሰርቨሩ ጠፍቶ በነበረባቸው ሦስት ቀናት ያልጠፋ ደብዳቤ፣ በበራባት በአንድ ሰዓት ይጠፋል።

መከላከያው ቀላል ነው። ፖስትፊክስ ሶፍት ባውንስ የሚባል ማስተካከያ አለው። ሲበራ «የለም» የሚለውን ሁሉ «ቆይተህ ና» ያደርገዋል። ማንኛውም ጥገና ሲጀመር ይበራል፣ ሁሉም ተፈትሾ ሲያልቅ ይጠፋል። አንድ መስመር ነው። እኔ ብሆን ሰርቨሩ ላይ በትልቁ ጽፌ እለጥፈው ነበር።

መስመር የሚመለስባት ሰዓት ሌላም ጣጣ አላት። የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ፖስትፊክስ ካልተነገረው በቀር እያንዳንዱን ዓይነት ሥራ እስከ 100 አድርጎ ጎን ለጎን ያስኬዳል። እያንዳንዱም ለየብቻው ወደ ዳታቤዙ መስመር ይከፍታል። ማሪያዲቢ ደግሞ ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 151 መስመር ነው። ዶቭኮትና በአሳሽ የሚከፈተው ዌብ ሜይልም ከዚሁ ይካፈላሉ። ስለዚህ ዳታቤዙ «ሞልቻለሁ» ይላል። ደግነቱ ያኔ የሚመለሰው 451 ነው። ቢሆንም ሠራተኛው ሣጥኑን መክፈት አይችልም፣ ያው «ሲስተም የለም» ሊባል ነው። የፖስትፊክስን ጥያቄዎች ፕሮክሲማፕ በሚባለው የራሱ አገናኝ በኩል ማሳለፍ ያቀልለዋል። መቶው ሁሉ ጥቂት የጋራ መስመሮችን ይጠቀማል።

የት ይቀመጥ?

ሰርቨሩ ቡሬ ቢሮ ውስጥ ቢሆን አንድ ትልቅ ጥቅም አለ። የውጭው መስመር ሲጠፋ የግቢው ኔትወርክ እስከሠራ ድረስ ሠራተኞች እርስ በርስ ይጻጻፋሉ። የቆየውንም ደብዳቤ ይከፍታሉ። ጉዳቱ 5 ቀኗ ናት። መቋረጡ ከሳምንት ካለፈ የውጭ ላኪዎች ተስፋ ይቆርጣሉ።

ሰርቨሩ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተከራይቶ ቢቀመጥ ደግሞ ደብዳቤው ሁልጊዜ ይደርሳል። መስመር ሲጠፋ ግን ቡሬ ያለው ሰው ከትናንትናው ደብዳቤ እንኳ አይደርስም።

እኔ የምመርጠው ሁለቱንም ነው። መስመር በማይጠፋበት ቦታ ትንሽ ሰርቨር ይከራዩና እሷ ፊት ለፊት ትቁም። ፖስትፊክስ ብቻ ነው ያለባት። ደብዳቤ ተቀብላ ወደ ቡሬ ታስተላልፋለች። ቡሬ ካልተገኘ ታቆያለች። እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ። የሌላ ሰው ሰርቨር 5 ቀን ነው የሚጠብቃችሁ። የራሳችሁ ግን እናንተ እስካላችሁት ድረስ ትጠብቃለች። 30 ቀን በሏት፣ 30 ቀን ትይዛለች። ሣጥኖቹ፣ ፓስወርዶቹና ዳታቤዙ ግን ቡሬ ይሁኑ።

ፊት ያለችዋ ሰርቨር ማን እንዳለ ማወቅ አለባት። ካላወቀች የሌለ አድራሻ ሁሉ ትቀበልና፣ ቡሬ «የለም» ሲላት መልሳ ለላኪው ትወረውራለች። አብዛኛው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደግሞ ስፓም ነው፤ የላኪው አድራሻ የተሰረቀ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ላይ ቆሻሻ ትደፉበታላችሁ፣ ስማችሁም ይጠፋል። ብዙዎች እዚህ ላይ ዳታቤዙን ራሱን በሁለት ቦታ እያመሳሰሉ ማስኬድ ያምራቸዋል። ለስልሳ ሰው አያስፈልግም። መስመር በሚበጠስበት ቦታማ ራሱ ጣጣ ነው። ዴቢያን በሚባለው የሊነክስ ዓይነት ላይ የሚጫነው ማሪያዲቢ የለውጥ መዝገቡን የሚያቆየው 10 ቀን ነው። መስመሩ ከዚያ በላይ ከጠፋ ቅጂው ካቆመበት መቀጠል አይችልም፣ ከዜሮ መጀመር አለበት። አድራሻዎቹን ብቻ በጽሑፍ ፋይል አውጥቶ በቀን አንዴ መላክ ይበቃል። ፓስወርድ ወደዚያ አይሂድ። ፊት ያለችዋ አታስፈልጋትም፣ ብትሰበርም የሚሰረቅ አይኖርም።

መላክ ሲባል

መቀበል ቀላሉ ነበር። መላክ ሌላ ዓለም ነው። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንባቸውን አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ያስፈልገዋል። የአይፒ ቁጥሩ፣ ማለትም የሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ወደ ኋላ ሲጠየቅ ትክክለኛ ስም መመለስ አለበት። በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ደግሞ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም ይኑሩት፤ የስፓም አቤቱታውም 0.3 በመቶ እንዳይደርስ። ማይክሮሶፍት በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ብዙ ለሚልኩ ተመሳሳይ ደንብ አወጣ።

ኤስፒኤፍ ማለት በዶሜናችሁ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ዲኪም የማይጭበረበር ፊርማ ነው። ዲማርክ ከሁለቱ አንዱም ከላኪው ዶሜን ጋር ካልገጠመ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይናገራል። ሦስቱም የዶሜኑ መዝገብ ላይ የሚጻፉ መስመሮች ናቸው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጁም። የአይፒው ስም ግን በእናንተ እጅ አይደለም። የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም አከራዩ ወይም ቴሌኮሙ፣ ነው የሚያስገባው። ሌላም አለ። ብዙ የውጭ አከራዮች ፖርት 25ን፣ ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚለዋወጡበትን በር፣ ዘግተው ነው የሚሰጡት። ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ዩኒየኑ በቀን 5000 ደብዳቤ አይልክም፣ ትላላችሁ። አንድ ሠራተኛ ፓስወርዱን 123456 ካደረገ ይልካል። በአንድ ሌሊት። ጠዋት ስትነሡ አይፒያችሁ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፣ ለባንኩ የላካችሁትም ደብዳቤ አልደረሰም። ስለዚህ አንድ ሰው በሰዓት መላክ የሚችለውን ገድቡ። ከመቶ በላይ የሚልክ የዩኒየን ሠራተኛ ማን ነው? ፓስወርዱም ዳታቤዙ ውስጥ በአርጎን 2 ወይም በቢክሪፕት ተመስጥሮ ይቀመጥ። ፖስትፊክስ ዳታቤዙን የሚከፍትበት አካውንት ማንበብ ብቻ የሚችል ይሁን።

መብራትና ሰዓት

ዳታቤዙ ላይ ሠንጠረዦቹ ኢኖዲቢ ይሁኑ። መብራት ድንገት ቢሄድ ሲመለስ ከመዝገቡ ራሱን ያስተካክላል። ማይአይሳም የሚባለው የድሮው ዓይነት ይህ የለውም፣ ተበላሽቶ ይጠብቃችኋል። ዩፒኤስ ግዙ፤ ግን ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን ራሱ እንዲዘጋ በኬብል አገናኙት። ይህን ሳያደርጉ ዩፒኤስ መግዛት መጥፊያውን ሰዓት በሃያ ደቂቃ ማዘግየት ነው።

ብዙ ሰው የማይጠረጥራት አንዲት ነገር ደግሞ አለች። የኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሞታ ትሆናለች። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ደብዳቤ የደረሰበት ቀን ሁሉ ተሳስቶ ይመዘገባል። የድሮው ዶቭኮትማ ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ ካየ «ራሴን አጠፋለሁ» ብሎ የሥራ መዝገቡ (ሎጉ) ላይ ጽፎ ይዘጋ ነበር። ቃል በቃል። ባትሪዋን ቀይሩ፣ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል አድርጉት።

ማን ያቆየዋል?

ሰርቨሩን መትከል ለሚያውቅ ሰው የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ደመወዝ ይፈልጋል። ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ አይቲ ተምሮ የሚወጣ ልጅ አለ፤ ሰው አልጠፋም። የሚጠፋው ጊዜው ነው። የቢሮው አይቲ ፕሪንተር ይጠግናል፣ ስብሰባ ላይ ፕሮጀክተር ይሰካል፣ የሥራ አስኪያጁን ልጅ ስልክ ይከፍታል። በመካከል ሰርቨሩን የሚያይበት ሰዓት በሥራ መደቡ ላይ ካልተጻፈለት አያየውም።

ማየት ደግሞ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ዶቭኮት 2.4 በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወጣ። የማስተካከያ ፋይሉ አጻጻፍ ከ2.3 ጋር አይገጥምም። ዳታቤዙን የሚጠይቅበት መንገድ ሳይቀር ተቀይሯል። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ይህንኑ አዲሱን ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ «አፕዴት ላድርገው» ብሎ የተጫነ ቁልፍ የሁሉንም ሣጥን ይዘጋል። ዴቢያን 12 ላይ ያላችሁ አትደንግጡ፤ የደኅንነት ድጋፉ እስከ ሰኔ 2028 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል። ለማሻሻያ ቀን ስትመርጡ ግንቦትና ሰኔን ዝለሉ። ማዳበሪያው የሚከፋፈልበት ነው፣ በጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ይዘጋል። ያኔ ኢሜይል የዘጋ አይቲ ይቅርታ አያገኝም።

የምስጠራ ሰርተፊኬቱም፣ ስልኩ ሰርቨሩን የሚያምንበት ማረጋገጫ፣ እንዲሁ ነው። በነጻ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ለ90 ቀን ይሰጣል። የሚያድሰው ፕሮግራም ሊያልቅ 30 ቀን ሲቀረው መሞከር ይጀምራል። መስመር ከወር በላይ ከጠፋ፣ የግቢው ኔትወርክ እየሠራም ሰርተፊኬቱ ይቃጠላል። «ሊያልቅ ነው» የሚለውን የኢሜይል ማስታወሻ ሌትስ ኢንክሪፕት ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትቷል። ዕድሜውም እያጠረ ነው የሚሄደው፤ በአሳሾችና በሰርተፊኬት ሰጪዎች ስምምነት ከመጋቢት 2029 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ከ47 ቀን በላይ አይሰጥም። መስመር ለሚጠፋበት አገር ይህ ጥሩ ዜና አይደለም። ሰርተፊኬቱን መስመር በማይጠፋባት ሰርቨር ላይ አሳድሶ፣ ካስፈለገ በፍላሽ ወደ ቡሬ ማምጣት ይቻላል። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ባክአፕ ላይ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ዳታቤዙን በየሌሊቱ፣ ደብዳቤዎቹንም ለብቻ። የሚረሳው የዌብ ሜይሉ ዳታቤዝ ነው። ራውንድኪዩብ የሚባለው ዌብ ሜይል የሠራተኛውን የአድራሻ ደብተር የሚያስቀምጠው በሌላ ዳታቤዝ ነው። ደብዳቤው ሁሉ ተመልሶ የስልሳ ሰው የአድራሻ ደብተር ሲጠፋ ማንም አያመሰግናችሁም። ቅጂው ያለበት ሃርድ ዲስክ ይመስጠርና በወር አንዴ ሌላ ከተማ ያለ ቅርንጫፍ ይደር፤ እንጅባራም ሆነ ፍኖተ ሰላም።

አሥርና አሥራ አምስት ሠራተኛ ላለው ቢሮ ግን ይህን ሁሉ አልመክርም። የራሱን ዶሜን ይግዛ፣ ኢሜይሉን የሚያስተናግድለት ይከራይ። ዶሜኑ በድርጅቱ ስም እስከሆነ ድረስ አስተናጋጁን ነገ መቀየር ይችላል። ብዙ ሠራተኛ ኖሮት ጊዜ ያለው አይቲ የሌለውም ያው ነው።

ለሚተክሉት አንድ ፈተና አለኝ። ሠራተኛ ከመመዝገባችሁ በፊት አርብ ከሰዓት ሁለቱንም ሰርቨሮች አስነሡና አንድ የመሞከሪያ አድራሻ ብቻ በሁለቱም ላይ መዝግቡ። ቡሬ ላይ ያለውን ዳታቤዝ ዝጉት። ከውጭ ወደዚያ አድራሻ ደብዳቤ ላኩ። የቡሬውን ሎግ ስትከፍቱ 451 ማየት አለባችሁ። የቡሬን የኢንተርኔት ኬብል ንቀሉና እሑድ ማታ ድረስ ተዉት፤ በመካከል ሦስት አራት ደብዳቤ ላኩ፣ ፊት ያለችዋ መያዟን ተመልከቱ። እሑድ ማታ ሁሉንም መልሱ። እስከ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤዎቹ በሙሉ ሣጥን ውስጥ ከገቡ ሠራተኞቹን መዝግቡ። ሎጉ ላይ አንዲት 550 እንኳ ካያችሁ ገና ናችሁ።